የልጅ ልጆቼን ከጀርመን ወደ ጅማ ላምጣቸው ወይ?

ጥያቄ፦ «ልጄ ነርስ ናት። ጀርመን፣ ኮሎኝ አጠገብ ትኖራለች። አግብታ የ9 ዓመት ወንድና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አላት። ልጆቹ በአማርኛ አይመልሱልኝም። ባለፈው ኅዳር ደግሞ ልጁ በጨለማ ፋኖስ ይዞ ከፈረንጅ ልጆች ጋር ሲዘምር የሚያሳይ ቪዲዮ ላከችልኝ። ምን ዓይነት አምልኮ እንደሆነ ስላላወቅሁ እንቅልፍ ነሳኝ። ይባስ ብሎ አባትየው ልጁን በጥፊ መታው ተብሎ ትምህርት ቤቱ ጠርቷቸዋል። ልጄ ‹ሊወስዱብኝ ነው› እያለች ታለቅሳለች። አባቴ ከመንዝ ተነስቶ ጅማ ሲገባ ማንም አላስተማረውም። ማተቡን ሳይበጥስ እዚሁ ሒርማታ ኖሮ፣ ነግዶ ተቀበረ። እነዚህ ግን ሃይማኖት በሌለበት አገር ሊጠፉ ነው። ጅማ ላኪልኝና ላሳድጋቸው ብያታለሁ። ልክ ነኝ?» አያት፣ ከጅማ

ምላሽ፦ ልክ አይደሉም። ለክረምት ይምጡ፤ ለማደግ ግን አይምጡ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እንቅልፍ የነሳዎትን ፋኖስ ላንሳ።

ልጁ ያከበረው የቅዱስ ማርቲንን ቀን ነው። በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 11 ይውላል፤ በእኛ ኅዳር 2 አካባቢ መሆኑ ነው። ማርቲን በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የሮም ወታደር ነበር። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ለማኝ ቢያይ ካባውን በሰይፉ ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን አለበሰው ይባላል። በኋላ ጳጳስ ሆነ። ልጆቹ በወረቀት የሠሩትን ፋኖስ ይዘው እየዘመሩ የሚዞሩት ይህን እያሰቡ ነው። በኮሎኝ አካባቢ ደግሞ ቤት ለቤት እየሄዱ ይዘምራሉ፤ ባለቤቶቹም ጣፋጭ ይሰጧቸዋል። ነሐሴ 13 ደጅዎ ላይ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሙልሙል የሚጠብቁትን ልጆች ያስቡ። ቡሄን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የልጅ ልጅዎ በዚያ ማታ የዘመረው ስለተራቆተ ድሃ ነው።

«ሃይማኖት የሌለበት አገር» ያሉት ግማሽ እውነት አለው። በጀርመን የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባላት ተደምረው ከሕዝቡ ግማሽ በታች ወርደዋል። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ብዙ ቤተ ክርስቲያን ባዶ ነው፤ ልጅዎ ይህን ስትነግርዎት አልዋሸችም። ግን እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። የትንሣኤ ማግስት፣ ዕርገትና የጰራቅሊጦስ ማግስት የሕዝብ በዓላት ናቸው። የሃይማኖት ትምህርት ደግሞ በሕገ መንግሥታቸው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መደበኛ ትምህርት ነው። እንደ በርሊን ያሉ ጥቂት ክፍለ ግዛቶች ብቻ ሌላ አሠራር አላቸው። ልጁ ይማር ወይስ አይማር የሚወስኑት ወላጆቹ ናቸው። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ውስጥ የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ትምህርትም አለ። ልጅዎ ትምህርት ቤቱን ጠይቃ ታውቃለች? ብዙ ወላጅ አይጠይቅም። «አይፈቀድም» ብሎ ራሱ ለራሱ መልሶ ይቀመጣል።

ወደ ጥፊው እንምጣ። እዚህ ላይ አላባብልዎትም፤ አባትየው አጥፍቷል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሻሻለችው ሕግ ልጅ ያለ ዱላ የማደግ መብት አለው። ጥፊም ዱላ ነው። «በትሩን የሚራራ ልጁን ይጠላል» የሚለውን ጥቅስ እንደሚያነሱብኝ አውቃለሁ፤ ጅማ ውስጥም በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ያው መጽሐፍ አባቶችን «ልጆቻችሁን አታስቆጡ» ይላል፤ ይህኛውን ግን የሚጠቅስልኝ ብዙም አይገጥመኝም። የእኛ ሕገ መንግሥትስ ቢሆን በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ የአካል ቅጣትን ከልክሎ የለ?

«ሊወስዱብኝ ነው» የሚለው ፍርሃት ግን ከልክ አልፏል። ዩጌንድአምት የሚባለው የልጆችና የወጣቶች መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚያደርገው ወላጅን መርዳት ነው። ያነጋግራል፣ ምክር ይሰጣል፣ አንዳንዴ ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ይመድባል። ልጅን ከቤት የሚያወጣው አደጋ አለ ብሎ ሲያምን ነው። ወላጅ ከተቃወመ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ቤተሰብ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ነገር የሚበላሸው ወላጅ ሲዋሽ፣ ሲሰወር፣ ወይም ልጁን «እንዳትናገር» ብሎ ሲያስፈራራ ነው። ባልና ሚስቱ ለስብሰባው አብረው ይሂዱ። ጀርመንኛው ከከበዳቸው አስተርጓሚ ይጠይቁ። አባትየው «ያደግሁበት መንገድ ነው፤ እዚህ እንደማይሠራ ገብቶኛል» ይበል። ቃሉንም ይጠብቅ። በዚህ ሰሞን ልጁን ወደ ጅማ ማሸሽ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። የሚደበቅ ነገር ያለ ያስመስላል።

አሁን ወደ አባትዎ። አባትዎን አላውቃቸውም፤ የእሳቸውን ዘመን ሰዎች ግን አውቃለሁ። ሒርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ከየአገሩ ነጋዴ የሚገናኝበት ገበያ ነበር። ከመንዝ የመጣ ሰው በሐሙስ ገበያ ቡና ሊገዛ ሲቀመጥ ኦሮምኛ ካልቻለ ከስሮ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ተማረ። ሰላምታውን ተማረ፣ ቁጥሩን ተማረ፣ መሐላውን ሳይቀር ተማረ። ከሙስሊሙ ጎረቤት ጋር አንድ ዕድር ገባ፤ ለቅሶው ላይ ድንኳን ተከለ። ለኢድ ተጠራ፣ ለፋሲካ ጠራ። ሠርግ ሲደግስ ደግሞ ለክርስቲያኑ አንድ በሬ ጣለ። ለሙስሊሞቹ በእነሱው እጅ በግ ይታረዳል፤ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው። ማንም በማንም አይቀየምም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጅማ ከተማ 120,960 ሰው ነበራት፤ ከመቶው 47 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 39 ያህሉ ሙስሊም፣ 13 ያህሉ ፕሮቴስታንት። በዚህች ከተማ ሁለት ድስት መጣድ የዕለት ኑሮ ነው።

እንግዲህ አባትዎ ማተባቸውን ያልበጠሱት ከጅማ ርቀው፣ በር ዘግተው ስለኖሩ አይደለም። ቋንቋውን፣ ገበያውን፣ ጉርብትናውን እሺ አሉ። ማዕዳቸውንና ጸሎታቸውን ያዙ። እኔ ይህን መላመድ እለዋለሁ፤ መዋጥ ሌላ ነው። እርስዎ ሁለቱን አንድ አድርገው ስላዩ ነው ልጁ ጀርመንኛ በተናገረ ቁጥር ልብዎ የሚደነግጠው።

መጽሐፉም ይህን ያውቃል። ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን ሲያነግሡ የሚሰሙት የሦስቱ ልጆች ታሪክ የማን ታሪክ ነው? የስደተኛ ልጆች ታሪክ ነው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከዳንኤል ጋር ተማርከው ባቢሎን ገቡ። የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ተማሩ። ስማቸው ሳይቀር ተለወጠ፤ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ ተባሉ። በመንግሥት ሥራ ላይም ተሾሙ። በዚህ ሁሉ «እምቢ» ሲሉ አናነብም። እምቢ ያሉት ለንጉሡ ማዕድና ለጣዖቱ ስግደት ነው። ደግሞ ያስተውሉ፤ ስለ ምግቡ ሲጠይቁ ሹሙን አልተሳደቡም። «10 ቀን ጥራጥሬ ስጠንና ፊታችንን እይ» አሉት። ዛሬ ረቡዕና ዓርብ ልጇ ሥጋ እንዳይበላ ለምትፈልግ እናት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። መምህሯን አነጋግራ «በእነዚህ ቀናት ቪጋን ነው» ብትል ጀርመን ውስጥ ማንም አይገረምም። የእኛ የጾም ምግብ እዚያ አገር ፋሽን ሆኗል እኮ! ልጆቹ ግን ሕፃናት መሆናቸውን አትርሳ። ከ7 ዓመት በታች ያለችውን አታስጨንቃት፤ የዘጠኙንም በአቅሙ ታስለምደው።

በሙያችን ደግሞ ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ቤሪ ነገሩን በሁለት ጥያቄ ይፈትሹታል። ስደተኛው የራሱን ባህል ይዟል? ከአገሩ ሰው ጋርስ ተቀላቅሏል? ለሁለቱም «አዎ» የሚል ሰው በአብዛኛው የተሻለ ጤናና እርጋታ አለው። ከሁሉ የሚጎዳው ከሁለቱም የወጣው ነው፤ የኔም የማይለው፣ የእነሱም የማይሆነው። እርስዎ የሚፈሩት ልጆቹ የራሳቸውን እንዳያጡ ነው። ነቅለው ጅማ ካመጧቸው ግን ሁለቱንም ሊያጡ ይችላሉ።

እንዲህ ያለ ልጅ አይቻለሁ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬ ልንገርዎት። በ10 ዓመቱ «ጨዋ ሆኖ ይደግ» ተብሎ ከአውሮፓ ወደ ጅማ፣ አያቱ ዘንድ ተላከ። መጀመሪያ የሰፈሩ ልጆች «ፈረንጁ» አሉት። አማርኛውን ሲያቀና፣ ኦሮምኛም ሲለምድ ሁለት ዓመት ሄደ። የዚያኛው አገር ቋንቋ እስከዚያ ተሸረሸረ። በ14 ዓመቱ ሲመለስ ከእሱ ከሚያንሱ ልጆች ጋር አስቀመጡት። አሁን ወጣት ነው። ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ እኔ ዘንድ ሲገባ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ነበር። እናቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ስታነሳ አላስጨረሳትም። «በእሱ ሰበብ ነው የጣልሽኝ» አላት። አያትየው ክፉ ሴት አልነበሩም። ቁርስ አብልተው፣ እጁን ይዘው ኪዳን ያደርሱት ነበር። ልጁ ግን ሃይማኖቱን ከእናቱ ከተለየበት ቀን ጋር አያይዞ አስቀመጠው።

ሁሉም እንደዚህ ይሆናል አልልም። ደህና የወጡም አሉ። ቢሆንም እናት በሕይወት እያለች፣ በሰላም እየሠራች፣ የ5 ዓመት ልጅን ከእቅፏ ማውጣት ለሃይማኖት ሲባል የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

የወረቀቱም ነገር ቀላል አይደለም። ልጆቹ በመኖሪያ ፈቃድ ያሉ ከሆነ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ቀድመው ካላስፈቀዱ በቀር ከጀርመን ከ6 ወር በላይ ሲወጡ ፈቃዱ በራሱ ይቋረጣል። «ሁለት ዓመት ቆይተው ይመለሳሉ» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይሰናከላል። የጀርመን ዜግነት ካላቸው ይህ አያሰጋቸውም። ያኔ ግን ወደ እኛ ሲመጡ በአብዛኛው እንደ ውጭ ዜጋ ይቆጠራሉ፤ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድምና ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልጋቸዋል። እዚያው ሆነው ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ውስጥ ማስተማርም አይሆንም። ትምህርት ግዴታ ነው፤ ትምህርት ቤት ገብቶ መማር ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዋናው ቀዳዳ ያለው ቋንቋው ላይ ይመስለኛል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ቤት ድረስ ይከተለዋል። ታላቅየው ለታናሽየዋ በጀርመንኛ ያወራታል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ያነሰ አማርኛ ይዞ ያድጋል። አድካሚ ፈረቃ ውላ የገባች እናት ደግሞ ልጁ በመለሰላት ቋንቋ ትቀጥላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ አማርኛ የቁጣ ቋንቋ ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ተው!» «ና!» «ዝም በል!» በዚህ ቋንቋ ማን መጸለይ ይፈልጋል? አማርኛ መናገር ጀርመንኛውን ያበላሽበታል የሚል መምህር ካለ አትስማው። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያደናግርም። ስለዚህ ልጅዎና ባሏ ቤት ውስጥ ለራሳቸውም ለልጆቹም አማርኛ ያውሩ፤ ልጆቹ በጀርመንኛ ቢመልሱም እነሱ በአማርኛ ይቀጥሉ። ማታ መኝታ ላይ አጭር ተረት ወይም የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይኑር፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ኮሎኝን በመሳሰሉ ትልልቅ ከተሞች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ይሰበሰባሉ፤ አንዳንዶቹ የካቶሊክ ወይም የወንጌላውያን ሕንፃ ተውሰው ነው የሚቀድሱት። በየሳምንቱ ባይሆንላት በወር አንድ ጊዜ ታድርሳቸው። ልጅ ሃይማኖቱን የሚወደው ጓደኛ ሲያገኝበት ነው። እሱን የመሰለ፣ ቅዳሴው ሲረዝም አብሮት ግቢ ውስጥ የሚሮጥ ጓደኛ።

ለክረምቱ ደግሞ ይምጡ ያልኩት በምክንያት ነው። የኮሎኝ ትምህርት ቤቶች የክረምት ዕረፍት 6 ሳምንት ገደማ ነው። ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በአብዛኛው ግን ነሐሴን ይነካል። ነሐሴ ማለት ፍልሰታ ነው። ከጾሞች ሁሉ የልጆች የሆነው እሱ ነው። የሰፈሩ ሕፃናት ነጠላ አጣፍተው ሲቆርቡ አብረዋቸው ይሰለፉ። መሐል ላይ ቡሄ አለ፤ ጅራፍ ይግዙለት። ያ ባለፋኖሱ ልጅ በዱላ መሬት እየደበደበ «ሆያ ሆዬ» ሲል ሁለቱ በዓላት በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ይገናኛሉ። እርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ጅማ በነሐሴ ዝናቧ አያፈናፍንም፤ ቦት ጫማ ይዘው ይምጡ። ወባም አለና ከመነሳታቸው በፊት እዚያው ሐኪም ያማክሩ። ቲኬት ረከሰ ብላ ትምህርት ሳይዘጋ ልታስወጣቸው እንዳታስብ፤ ያለ ፈቃድ መቅረት ያስቀጣል። አንደኛው ወላጅ ብቻ ይዟቸው የሚመጣ ከሆነ የሌላኛውን የጽሑፍ ፈቃድ ይያዝ።

እስከዚያ ስልክ አለ። ስልኩን ግን እንደ ንስሐ አባት አይያዙት። «ጸልየሃል? ቤተ ክርስቲያን ሄደሃል? ለምን በአማርኛ አትመልስም?» ከተባለ ልጁ ስልኩን ለእናቱ ወርውሮ ይሮጣል። እኔም ብሆን እሮጣለሁ። ይልቅ እሑድ ቡና ሲያፈሉ ይደውሉ። የእኛ 10 ሰዓት በእነሱ ብርድ ወራት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ በበጋቸው ደግሞ 9። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው ረከቦቱን ያሳዩዋቸው። ቡናው ሲንጣጣ፣ ጭሱ ሲነሳ ትንሿ ልጅ መጠየቋ አይቀርም። ሲኒ፣ ጀበና፣ አቦል፣ ፈንዲሻ እያሉ በሳምንት አንድ ቃል ያስይዟት። ሲጨርሱ እንደ ወትሮው ቆመው አባታችን ሆይ ይድገሙ። እንዲደግሙ አያዝዟቸው። ይስሙ። ለልጁ ደግሞ ስለ ቅድመ አያቱ ያውሩለት። ከመንዝ መጥቶ ቋንቋ ሳይችል ገበያ ስለገባው ሰው። ይህ ታሪክ ከእሱ ሕይወት ጋር እንደሚመሳሰል ራሱ ይደርስበታል።

ዋስትና ግን አልሰጥዎትም። በጀርመን ሕግ ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው ሃይማኖቱን በራሱ ይመርጣል፤ ከ12 ጀምሮም ያለ ፈቃዱ አይለወጥበትም። ይህ ሕግ አዲስ የመጣ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ያለ ነው። የልጅ ልጅዎ 5 ዓመት ቀርቶታል። በእነዚያ ዓመታት ስለ ጅማ የሚሰማው ማስፈራሪያ ከሆነ፣ «ካላረፍክ አያትህ ጋ እልክሃለሁ» ከተባለ፣ ምርጫው አያስገርምዎት። ልጅዎ ይህን ቃል ተናግራ ከሆነ ዛሬውኑ ታቁም። «ላኪልኝ» ያሉትንም ይንሱላት፤ ሸክም ሆኖባታል።

በሚቀጥለው ጥሪ መጀመሪያ ልጁን ያስጠሩት። ፋኖሱ እስካሁን ካለ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ በምን እንደሠራውም ይንገርዎት።